ሦስት ዩኒቨርሲቲ የተሻማባት የእህቴ ልጅ

የእህቴ ልጅ ለማስተርስ አመልክታ «ተጠባባቂ ነሽ» ተባለች። ቀኑን ሙሉ ፀጉር ቤቴ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ስታፈጥ እኔ ነደድኩ። ሰፈር ቢጣላ የማስታርቅ፣ በምላሴ ድንጋይ የማቀልጥ ሰው እያለሁላት ትጠብቅ? ተደብቄ ትምህርት ክፍሉ ደወልኩና ለጸሐፊዋ፣ «ሦስት ዩኒቨርሲቲ እየተሻማባት ነው፤ ቶሎ ካልወሰናችሁ ታመልጣችኋለች» አልኳት።

ዛሬ መልሱ መጣ። «ሌላ ቦታ በማግኘትዎ እንኳን ደስ አለዎት። የተጠባባቂነት ቦታዎን ለሌላ አመልካች ሰጥተናል» ይላል።

«የምን ሌላ ቦታ?» ብላ ጮኸች። ዐይኔን ሳሸሽ ገባት።

«አጎቴ! ማን ደውል አለህ?»

«ላፋጥንልሽ ብዬ እኮ ነው፣ እናትዬ…»

«ያለችኝ አንድ ዕድል ነበረች፤ በአፍህ በላሃት!» ራሷ ደወለችና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። ደንበኛዬ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ ጆሮውን ቀሰረ።

«ያን ቀን የነገርኩሽ ውሸት ነው» አልኳት ጸሐፊዋን።

«ሦስቱም?»

ላቤ ወረደ። «አንድም የተቀበላት የለም።»

«አሁንማ ቦታው ተይዟል። ለሚቀጥለው ዓመት ታመልክት።»

የእህቴ ልጅ ስልኩን ነጠቀችኝ። «አመለክታለሁ! ከእኔ ሌላ ማንም ቢደውል ግን ጆሮው ላይ ዝጉበት!»

ወጥታ በሩን ስትወረውረው መንገድ ማዶ ያለው ፎቅ ተንቀጠቀጠ።