ከገጽ መቶ አሥራ ሁለት በኋላ

ደራሲው ከቀጠሯቸው አርባ ደቂቃ ቀድመው መጡ። የሬዲዮ ፕሮግራሙ አዘጋጅ ወደ ስቱዲዮው ስትገባ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ ጭናቸው ላይ አድርገው ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠዋል። ከመስታወቱ ማዶ ያለው የድምፅ ባለሙያ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ “መቀስ” የሚለው፣ ትከሻውን ሰበቀላት። ሰውዬው ከመጡ ጀምሮ ትንፍሽ አላሉም ማለቱ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትጋብዛቸው ኖራለች። በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ትልካለች፤ በየዓመቱም በዚያው ደቃቅ የእጅ ጽሕፈት አንድ ዓይነት መልስ ይመጣላታል። “አመሰግናለሁ። የምናገረው የለኝም።” ዘንድሮ ግን “እመጣለሁ” የሚል መጣ። ምክንያቱን አልጻፉም።

ፕሮግራሟ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ስለ መጽሐፍና ስለ ንባብ የሚወራበት ነው። ደራሲዎች፣ መምህራን፣ ሐያስያን ይመጡና “የንባብ ባህላችን እየሞተ ነው” ብለው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ድሮ የአድማጭ ደብዳቤ በካርቶን ይመጣ ነበር። አሁን በሳምንት ሁለት ሰው ይደውላል፤ አንዱ ቁጥር ተሳስቶ ነው። እሷ ግን ሥራውን ትወደዋለች። ከሰው ጋር ቁጭ ብላ ረዘም ያለ ወሬ የምታወራበት ሌላ ቦታ የላትም። ቤቷ ከገባች ማታውን ሙሉ ድምፅዋን ሳትሰማ የምታድርበት ቀን ይበዛል።

የደራሲው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ አልጻፉም። ሩቅ አገር የሚሠራ ልጅ እናቱ መታመሟን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲጓዝ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት የሚያልቀው “ልጁ የእናቱን በር ገፋ አድርጎ ሲገባ” ብሎ ነው። ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለው ገጽ “አልጋው ባዶ ነበር” ይላል። የገጹ ቁጥር ግን መቶ አሥራ ሦስት አይደለም፤ መቶ ሃያ ዘጠኝ ነው።

ስለዚህች ዝላይ ያልተባለ የለም። አንድ ስመ ጥር ሐያሲ በዚሁ ስቱዲዮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተናግሮባታል። “ደራሲው አሥራ ስድስት ገጽ ዝምታ አሳተመ” ነበር ያለው፤ “የገጹን ቁጥር እንኳ ለሐዘን ገበረ።”

አዘጋጇ ዝላይቱን የወደደቻት ግን ከሐያሲው ተምራ አልነበረም። እናቷ ያረፈች ቀን እሷ እዚሁ ወንበር ላይ ነበረች፤ ስልኳ በደንቡ መሠረት ተዘግቶ፣ እንግዳዋን ስለ ልጆች መጻሕፍት ስትጠይቅ። ሆስፒታል ስትደርስ የአልጋው አንሶላ ተነሥቷል። “ምነው ዘገየሽ” የሚላት የለ፣ “ግድ የለም” የሚላት የለ። መጽሐፉ በወሩ እጇ ገባ። ያችን ዓረፍተ ነገር ስታነብ፣ የደረሰብኝን የሚያውቀው ይህ ሰውዬ ብቻ ነው አለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልትጠይቃቸው የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጎ ኖረ?

የቀረጻው ቀይ መብራት በራ።

“ጋሼ፣ ከባዶው አልጋ ልጀምር” አለች። “እዚያ ቦታ ላይ ዝም ማለትን እንዴት መረጡ?”

“የት ቦታ?”

“ልጁ ሲገባ። እናቱን ሳያገኛት ሲቀር።”

“አግኝቷታል እንጂ!” አሉ። “ከሰዓቱን ሙሉ ሲያወሩ አይደል እንዴ የዋሉት? ምን ነካሽ ልጄ፣ ሳታነቢው ነው የጠራሽኝ?”

ከመስታወቱ ማዶ መቀስ ሳቁን ለማፈን አፉን በእጁ ያዘ።

አዘጋጇ ፊቷ ቀላ። መጽሐፏን ገልጣ ዘረጋችላቸው። ደራሲው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ቅጠሉን መለሱ፤ እንደገና አነበቡ። ከዚያ ጋዜጣውን ፈትተው የራሳቸውን መጽሐፍ ከጎኑ አስቀመጡት። በእሳቸው መጽሐፍ ከ“ሲገባ” ቀጥሎ “እናቱ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች” ይላል። “አልጋው ባዶ ነበር” የሚለው የመጣው ከአሥራ ስድስት ገጽ በኋላ፣ “በሳምንቱ ከቀብር ሲመለስ” ከሚለው ቀጥሎ ነው።

“ማተሚያ ቤቱ” አሉ ቀስ ብለው። “አንዱ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። አንዱን እጥፍ ሳይሰፉት ቀርተዋል። ለእኔ መጀመሪያ የሰጡኝ አሥሩ ሙሉ ነበሩ።”

“እነሱን ያነበበ ሰው አልነገረዎትም?”

“ያደልኳቸው ለዘመድ ነው። ዘመድ መጽሐፍ ሲሰጡት ይስምሻል እንጂ ያነባል እንዴ?”

“ሐያሲውስ? በሬዲዮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲናገር . . .”

“ሬዲዮ የለኝም።”

ይህን ያሉት ሊያስቋት አልነበረም። እጃቸውን መጽሐፉ ላይ ጭነው ዝም አሉ። መቀስ፣ ዝምታ ሲረዝም መቁረጥ ልማዱ የሆነው ሰው፣ ፍንክች አላለም።

“ሠላሳ ዓመት” አሉ በመጨረሻ። “መንገዱን አመሰገኑልኝ፣ አውቶቡሱን አመሰገኑልኝ፤ ስለዚያ ከሰዓት ግን አንድ ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ ደግሞ መጽሐፉን የጻፍኩት ለእሱ ስል ነበር። የእናቴ አነጋገር ነው፣ እንዳለ። ሰው ሁሉ ዝም ሲል፣ እንዲህ ነው መጥፎው፣ አፍረውልኝ ነው አልኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዘንድሮ ሰባ ስምንት ሞላኝ። ሳልሞት አንድ ሰው ፊት ለፊት ‘መጥፎ ነው’ ይበለኝ ብዬ ነው የመጣሁት።”

አዘጋጇ የራሷን መጽሐፍ ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። “ጊዜያችን አለቀ” ማለት ትችላለች፤ ለብዙ እንግዳ ብላዋለች። እንዲያ ካለች ቤቷ ስትገባ ያ ባዶ አልጋ እንደነበረ ይቆያታል።

“ያንብቡልኝ” አለች።

በማዳመጫው ውስጥ የመቀስ ድምፅ መጣ። “እትዬ፣ የቀረን ሃያ ደቂቃ ነው።”

“ዝም ብለህ ቅዳ።”

ደራሲው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ሻከረ፤ ቆይቶ ግን እናትየዋ ስትናገር ሌላ ሰው ሆኑ። “ምነው ዘገየህ?” አለች እናትየዋ። ልጁ “ሥራ ይዞኝ” አለ። “እሰይ፣ ሥራ አያሳጣህ” አለችውና በዚያው ወሬዋን ወደ ጎረቤቷ አዞረች፤ ጎረቤቷ የተዋሰችውን ድስት ስትመልስ ክዳኑን እቤቷ ስለማስቀረቷ።

አዘጋጇ ማዳመጫዋን እንደምታስተካክል ሰው ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አቀረቀረች። አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመችው ነገር አንድ መስመር ተኩል ነበር የፈጀው። እናትየዋ ተመልሳ ትጠይቀዋለች ብላ ጠበቀች። አልጠየቀችውም። ስለ ክዳኑ አወራች፤ ስለሚያፈሰው ጣሪያ አወራች፤ ልጇ መክሳቱን ተናግራ እንደገና ወደ ክዳኑ ተመለሰች።

ሲጨርሱ ደራሲው መነጽራቸውን አወለቁ። “እህስ?”

ለደራሲ ሁሉ የምትላቸው ቃላት አሏት። “ጥልቅ ነው”፣ “ልብ ይነካል”። ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ መጡ። ሰውዬው ግን እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ዓይናቸውን ከአፏ ላይ አላነሡም።

“መጽሐፉ ያለ እነዚህ ገጾች ይሻላል” አለች።

መቀስ ቀና ብሎ አያት።

“ይሻላል?”

“ይሻላል፣ ጋሼ። እናትየዋ ወሬ አታቋርጥም። የድስቱ ክዳን ብቻ ሦስት ገጽ ወስዷል።”

ደራሲው ተቆጥተው ይነሣሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን የኮታቸውን የውስጥ ኪስ ዳብሰው አጭር እርሳስ አወጡ።

“ከየት እስከ የት?”

አዘጋጇ ወንበሯን በጠረጴዛው ዞራ ከጎናቸው አስጠጋች። “ከዚህ” አለች በጣቷ፣ “እዚህ ድረስ። ይህ ደግሞ ድግግሞሽ ነው።” ይሰርዛሉ፤ አንዳንዱን “ይህቺን አልነካም፣ እንዲህ ነበር የምትለው” እያሉ ያልፋሉ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሰው እርሳሱን “እሰይ፣ ሥራ አያሳጣህ” የምትለዋ አጭር መስመር ላይ ሲያሳርፉ ግን መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጣል አደረገች።

“ይህቺ ትቆይ።”

እርሳሱን አንሥተው ቅጠሉን ገለጡ።

“እትዬ” አለ መቀስ፣ “የስፖርቶቹ ሰዎች በር ላይ ቆመዋል። ስቱዲዮውን ይፈልጉታል።”

ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ መጽሐፉን መሐላቸው ዘርግተው። የሥራ መውጫ ሰዓት ደረሰ። ሠራተኛው አንድ በአንድ “ደኅና አምሹ” እያለ አለፋቸው፤ ጽዳቷም እግራቸውን አስነሥታ ሥሩን ጠረገች። ከሁለቱ አንዳቸውም ሰዓት አላዩም። ገና ገጽ መቶ አሥራ ስድስት ላይ ነበሩ።