ከላይ የታየው ጋቢ

ጠሃ አብዱረህማን ከቡሬ ሲነሣ በሞተር ሳይክሉ ላይ የጫነው አንድ ድሮንና አራት ማኅተም ያረፈበት አንድ የፈቃድ ወረቀት ነበር። ድሮኑ ከአንድ ኪሎ አይበልጥም። የወረቀቱን ክብደት የሚያውቀው ጠሃ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ወረዳ፣ ከወረዳ ቀበሌ ሲንከባለል ሰባት ወር ፈጅቷል። በዚያ ሰባት ወር ውስጥ የጠሃ ልጅ ናጂሃ ጥርስ አብቅላ መራመድ ጀምራለች።

ፈቃዱ የሚያገለግለው ለሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ከኅዳር 12 እስከ 14። ቀኑን የቆረጠው ሰው የት አገር እንዳደገ እንጃ። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ቀን ወሰን ላይ የሚቆም ገበሬ በምዕራብ ጎጃም ገና አልተወለደም። በ13 ነፋስ ሆነ፤ በነፋስ መብረር ክልክል ነው። የቀረው 14 ብቻ ሆነ፣ እሱም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።

ጉዳዩ የወለተ ሐና ነው። ከሽንዲ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር ሴት ናት፤ ባሏ አይናለም ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ትቶላት የሄደው መሬት ከታላቅ ወንድሙ ከእጅጉ መሬት ጋር ይዋሰናል። የወሰን ድንጋዩ ባሏ በሞተ በዓመቱ ጠፋ። ድንጋይ እግር የለውም፤ እጅጉ ግን ሁለት ጠንካራ በሬዎች አሉት። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አሥራ አምስት እርምጃ በምትሰፋ የበርበሬ መሬት ላይ ነው። ወለተ ሐና ልጇን ሰብለን ፍኖተ ሰላም የምታስተምረው በዚያች በርበሬ ነው። ዛሬ የሚነሣው ፎቶ ካርታ ሆኖ ከይዞታ ደብተሯ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው የሚከራከረው ከወረቀት ጋር ነው።

ጠሃ እዚያ ሲደርስ “ድሮን” የሚለውን ቃል አልተነፈሰም። በዚህ አገር ቃሉ ሲጠራ ሰው የሚያየው ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ልጆቹ ነው። “የመሬት መለኪያ ካሜራ” ይለዋል። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ የኔታ ገብረ ኢየሱስም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ “ከሚካኤል ወዲያ ከላይ የሚጮህ ነገር ትሰማላችሁ። ይኸኛው መሬት የሚለካ ነው፤ አትሩጡ” ብለው ነበር።

ከበረራ በፊት ደንቡ ይነበብ ስለሚል ጠሃ አነበበ። አብራሪው ዓይኑን ከሚበርረው ዕቃ ላይ አይነቅልም። በሥሩ ሰው አይኑር፤ ሰው ገብቶ ቅሬታ ከቀረበ በረራው ይሰረዛል፣ የአብራሪነት ፈቃዱም ሊነጠቅ ይችላል። ቅሬታ ያለው ሰው ቅጽ ይሞላል። ጠሃ ቅጹን በዐሥር ቅጂ ይዞ ይዞራል፤ እስከዛሬ አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም።

“በሥሩ ሰው አይኑር የሚለውን እስቲ ድገመው” አለ እጅጉ ቢጫ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። ሕግ የሚወድ ሰው ነው። የክስ ቀጠሮ ከሚያመልጠው በሬው ቢጠፋ ይመርጣል።

ጠሃ ደገመለት።

“እኛ ዘንድ ያለው መመሪያ ግን” አሉ የኔታ፣ “መሬት ሲለካ አዋሳኞች በየማዕዘናቸው ይገኙ ይላል። ያንተው ደግሞ ‘ሰው አይኑር’ ይላል። ለየትኛው እንታዘዝ?”

ጠሃ ለፈቃዱ በዞረባቸው ቢሮዎች ሁሉ ይህን የጠየቀው አልነበረም። 

የኔታ ግን ጥቂት አሰብ አደረጉ። “በአባቶቻችን ጊዜ ተሟጋች ከተሟጋች በኩታ ጫፍ ይቆራኝ ነበር። ልብሱ ለሰውየው ይቆም ነበር ማለት ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ አዋሳኝ ጋቢውን በማዕዘኑ ያንጥፍ፣ ራሱ ይውጣ። አይኑር ለሚለው የለም፤ ይገኝ ለሚለው ተገኝቷል።”

ጠሃ ደስ አለው። ነጭ ጋቢ ከላይ ጥሩ ይታያል፤ በሌላ ቦታ ለምልክት ኖራ ነበር የሚበትነው።

አዋሳኞቹ አንድ በአንድ ጋቢያቸውን አንጥፈው ድንጋይ ጫኑበት። የእጅጉ ተራ ሲደርስ ሰው ሁሉ ለጠብ ተዘጋጀ። እጅጉ ሄዶ ጋቢውን ልክ የጥንቱ ድንጋይ በነበረበት ቦታ ላይ አነጠፈው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ወለተ ሐና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ” አለችው። ሁለት ዓመት የነፈጋትን እውነት የሰጣት መስሏት ነበር።

ሁሉም ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ወጣ፤ ድሮኑም ተነሣ። እንደ አራሽ በሬ ይመላለሳል፤ አንድ ትልም ይሄዳል፣ ይዞራል፣ በጎኑ ሌላ ትልም ይመለሳል። በየሁለት ሰከንዱ አንድ ፎቶ ያነሣል። ጠሃ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ተናገር የሚል መስመር ደንቡ ላይ የለም። ዓይኑንም ከድሮኑ አልነቀለም። የቀረውም ሰው አንጋጦ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ድሮኑ ወረደ። ጠሃ ላፕቶፑን ከፍቶ የመጨረሻውን ፎቶ አሳየ። የእጅጉ ጋቢ በወለተ ሐና በርበሬ ውስጥ፣ ከወሰኑ አሥራ አምስት እርምጃ ገብቶ፣ ተዘርግቷል።

“እዚያ አልነበረም!” ወለተ ሐና ጮኸች። “የኔታ፣ እርስዎ አይተዋል፤ እዚያ አልነበረም!”

“ሰው ይረሳል” አለ እጅጉ። “ፎቶ አይረሳም።”

“እውነትዎን ነው” አለ ጠሃ፣ ፎቶዎቹንም ወደ ኋላ ይመልስ ጀመር። በስድሳ አንደኛው ላይ ጋቢው በወሰኑ ላይ ተነጥፏል። በሰማንያ ስምንተኛው ወሰኑ ባዶ ነው፤ በቀዩ በርበሬ መሃል ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ሰው ጋቢ በብብቱ ሸጉጦ ይሄዳል። በዘጠናኛው ያው ሰው ቆሞ ቀና ብሏል፤ ለመታወቂያ እንደሚነሣ ሰው ካሜራውን ትክ ብሎ ያየዋል። እጅጉ ካሜራው እንደ ቡሬው ፎቶ አንሺ አንዴ ብቻ፣ ያውም በመጨረሻ፣ የሚያነሣ መስሎት ነበር። እስከዚያ የሚመላለሰው ቦታ ሲመርጥ ነው ብሎ አስቧል።

ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው አስነጠሰ።

“እንግዲያ በሥሩ ሰው ገብቷል” አለ እጅጉ ሳይደነግጥ። “ሁለት ጊዜ አስነብቤሃለሁ። በረራው ይሰረዛል። ፈቃድህም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ቅጹን ወዲህ በል።”

ጠሃ ሰዓቱን አየ፤ ከአሥር ተኩል አልፏል። ሁለቱም ባትሪዎች አልቀዋል። በረራው ከተሰረዘ ሌላ ፈቃድ እስኪመጣ ክረምት ይገባል፤ ክረምት ሲገባ የእጅጉ በሬዎችም ይገባሉ። የአብራሪነት ፈቃዱ ከተነጠቀ ደግሞ ጠሃ ወደ አባቱ የጨው መጋዘን ተመላሽ ነው። ፈራ። ወለተ ሐናን ቀና ብሎ ማየት አፈረ። ቢሆንም ደንቡ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ ስለሚል ቅጹን ሰጠ።

“እኔ ልጻፍልህ” አሉ የኔታ መነጽራቸውን እያደረጉ። ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አመቻቹና አነበቡ። “አንደኛ፤ በላዩ የተበረረበት ሰው ስም።”

እጅጉ ላፕቶፑን ገልመጥ አደረገ።

“እንመለስበታለን። ሁለተኛ፤ ሰውየው የነበረበት ቦታ። ከወሰኑ ወደ ወለተ ሐና ይዞታ ስንት እርምጃ ገብቶ ልበል?”

“የኔታ፣ ይኼ ሁሉ ይጻፋል?”

“ቅጹ ነው እንጂ እኔ አልጠየቅሁም። ሦስተኛ፤ በቦታው ምን ሲያደርግ እንደነበር።” የኔታ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ጠበቁ። “ከታች ፊርማና ሦስት ምስክር ይላል። ምስክሩ እንኳ ሞልቷል።”

እጅጉ ዙሪያውን የቆመውን ሰው አየ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

“ቅሬታ የለኝም” አለ።

“ጎላ አድርገህ፤ ጆሮዬ ደከም ብሏል።”

“ቅሬታ የለኝም አልሁ!”

“ወሰኑስ?”

“መጀመሪያ ያነጠፍሁበት ነው።”

የኔታ ሁለቱንም ጽፈው አስፈረሙት። ጠሃም በበረራ መዝገቡ ላይ፣ “አንድ ሰው ከሥር ገብቷል፤ ቅሬታ አላቀረበም” ብሎ ጻፈ። ጽፎም ሲያበቃ ሰዓቱን አየ። ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ነበር።

ሰው መበተን ሲጀምር ወለተ ሐና ወደ በርበሬዋ ገባች። ከጋቢው ላይ ድንጋዩን አንሥታ ጣለች፤ አፈሩን አራገፈች፤ አራት አድርጋ አጠፈችውና አምጥታ ለእጅጉ በሁለት እጇ አቀረበችለት።

“ማታ ይበርድዎታል፤ ይልበሱት” አለችው። “ወንድምዎ ለእርስዎ ብሎ አስፈትሎኛል። ሁለት ክረምት ፈትዬዋለሁ።”

እጅጉ ተቀበላት። አልለበሰውም። ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሦስት ዓመት በእርሻዋ መሃል ሲመላለስበት የነበረውን አቋራጭ ትቶ፣ ዙሪያውን ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ።