ሣጥኑና የአሶሳ ምስጥ

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ሰሞን አሶሳ ላይ ተላላኪ ሊቀጠር ነው ሲባል፣ የስድስተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቴን ከሣጥን ላወጣ ሮጥኩ። ከሳምንት በፊት የተባይ ባለሙያው አቶ ለገሰ የቀርከሃ ቤታችንን አይተው፣ «ላምባ ምስጥ አያጠፋም፤ ጓሯችሁ ያለው የምስጥ ኩይሳ ተቆፍሮ ንግሥቲቱ እስክትወጣ ሣጥኑን ከግድግዳ አርቃችሁ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት» ብለውን ነበር።

እኔ ግን፣ «የአሶሳ ምስጥ እኮ የተቀመጡበትን ወንበር በልቶ ሰውየውን ቀስ አድርጎ መሬት ያስቀምጣል!» ብዬ ቀለድኩና ላምባዬን ረጨሁ።

አሁን ሣጥኑ የነበረበት ግድግዳ ሥር ምንጣፉ ዱቄት ሆኗል፤ ሣጥኑም የለም።

«ሀምዲያ! ሣጥኑን ከነቁልፉ በላው!»

ሚስቴ ከጓዳ ሣቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ባለሙያው እንዳሉት ድንጋይ ላይ አድርጌዋለሁ። ልብስህን የከመርክበት ምን መሰለህ?»

ወረቀቴ ጫፉ እንኳ አልተነካም። እፎይ ብዬ ተመዘገብኩና ዶማ ይዤ አቶ ለገሰ ዘንድ ሄድኩ። «የኩይሳው ቁፋሮ ከየት ይጀመር?» አልኳቸው።