ሳንባ ደጃፍ ላይ የሚመጣ እንቅልፍ

“ደሙ በግራ በኩል ይወጣል! በኃይል ይወጣል! ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው የለም!”

ይህ ድምፅ ግድግዳውን ዘልቆ ሲመጣ የባሌን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ካውያውን የት እንዳደረግሁት እንጃ።

ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት መምህሯና እናቷ ናቸው። መምህሯ ዝምተኛ ናት፤ በር ስትዘጋ እንኳን በሩን ይቅርታ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። እናትየውን እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ አልጋ ላይ ሆነው የሚራመደው አፋቸው ብቻ ነው። ታዲያ ከዚህ ቤት ምን የሚሉት ደም ነው የሚወጣው?

“አንተ ተነስ! ጎረቤት ሰው እየሞተ ነው!” አልኩት ባሌን።

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ እግሩን ካልሲ ውስጥ ከትቶ፣ ሌላውን ባዶውን ትቶ ተነሳ። እኔ ቁስል ማሰሪያ ይሆናል ብዬ ፎጣ፣ እሱ ሌባም ከሆነ ብሎ መጥረጊያ ይዘን በሩን ደበደብን።

መምህሯ ጠመኔ በእጇ እንደያዘች ከፈተች። ከኋላዋ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በየወንበሩ ላይ ትራስ ተቀምጧል። የቁም ሳጥኑ በር ላይ በር የሚያህል ልብ ተስሏል።

“ማነው የደማው?” አልኳት።

“ልብ ነው፣ እትዬ።”

“የማን ልብ?”

“የ... የሁላችንም” አለች ግራ ገብቷት።

እናትየው ከአልጋቸው ሆነው “ግቡ፣ ግቡ” አሉ። “ትራሶቹም ሰልችቷቸዋል፤ ቦታ ይለቁላችኋል።”

ገባን። ነገሩ ወዲህ ነው። መምህሯ ባዮሎጂ ነው የምታስተምረው። ልጆቹን በቡድን በቡድን አድርጋ እያነጋገረች ስታስተምር ማንም ክፉ ነገር ብሏት አያውቅም። ዘንድሮ ግን መምህር ጎደለና ክፍሎቹን ቀላቅለው አዳራሽ አስገቡላት። የአዳራሹ ወንበር ደግሞ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ አይዞር፣ አይጠጋ። ከፊት ቆሞ ገለጻ ከማድረግ በቀር መንገድ የለም። ባለፈው ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ቢያይ ግማሹ ልጅ ዴስኩ ላይ ተኝቷል።

“ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል” አለች፣ ጠመኔውን በጣቶቿ እያሸች። “ያኔም እንደዚያው ከሆነ ከተማው ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት አዛውረውኝ እዚህ ሌላ ሰው ያመጣሉ።”

ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ አያስፈልግም ነበር። ትምህርት ቤቱ መንገዳችን ጥግ ላይ ነው። እረፍት ሲደወል ሮጣ መጥታ እናቷን ታገላብጣለች፣ መድኃኒታቸውን ታስውጣለች፣ ሮጣ ትመለሳለች። ከተማው ማዶ ከሄደች ማን ያገላብጣቸዋል?

እናትየው ኮርኒሱን አዩ። “በለፈለፉ ይጠፉ ሲባል ሰምቼ ነበር። ልጄ ደግሞ ለፍልፋ አታውቅ፤ ባለመልፈለፍ ልትጠፋ ነው” አሉ።

“ትራስ ምን ያዳምጣል!” አልኩኝ። “እኛ አለን አይደል? አንተ ተቀመጥ።”

ባሌ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንደ ተማሪ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እሷም ጀመረች። እውነት ለመናገር፣ ስታስረዳ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ሰክታ፣ ሳትተነፍስ፣ ውሻ እንዳባረረው ሰው ነው። ደሙ ከእጅ ከእግሩ ተሰብስቦ የልብ ቀኝ ክፍል እስኪገባ ድረስ ባሌ ደህና ተማሪ ነበር፤ ራሱን ይነቀንቃል፣ “እህ” ይላል። ደሙ ከዚያ ወጥቶ ወደ ሳንባ ሲያመራ ግን አገጩ ደረቱ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ያ የማውቀው ሞተር ተነሳ።

እዚህ ላይ ለባሌ ልፍረድለት። መሪ ከጨበጠ ማዛጋት እንኳን አያውቅም። ተቀምጦ ሌላ ሰው ከተናገረ ግን አለቀለት።

“ጋሼ፣ ሳንባም እኮ ገና አልደረስን!” አለች መምህሯ፣ ድምፅዋ እየሟሸሸ።

ጎኑን ጎሸም አደረግሁት። “አልተኛሁም” አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የራሱን ማንኮራፋት ሰምቶ አያውቅም።

ቤታችን ስንመለስ የሸሚዙ አንገትጌ የካውያ ቅርጽ ይዞ ጠበቀን። እሱን ተዉት።

በማግስቱም ሄድን። መምህሯ ገለጻዋን አሳጥራለች፣ ድምፅዋንም ከፍ አድርጋለች። ባሌ እዚያው ሳንባ ደጃፍ ሲደርስ ተኛ። ሐሙስ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው እንደገና ሞከረች፤ እንደገና እዚያው! መምህሯ ጠመኔዋን አስቀምጣ ከትራሶቹ አንዱን አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

“አንድ ትልቅ ሰው ነቅቶ ካልሰማኝ ያን ሁሉ ልጅ እንዴት ላድርገው?”

“ምን በወጣሽ! እሱ እኮ በሠርጋችን ቀን ሽማግሌው ሲመርቁን ተኝቷል። ‘አሜን’ ያልኩት ብቻዬን ነው” አልኳት።

ባሌ ነቅቶ ኖሮ ተቆጣ። “አንቺ ሴትዮ፣ ስሜን አታጥፊ! ዓይኔን ጨፍኜ እያዳመጥኩ ነበር።”

“እስቲ?” አሉ እናትየው ክርናቸውን ተደግፈው። “ደሙ የት ደረሰ?”

“ከቀኙ ወጥቶ... ወደ ሳንባ።”

“ምን ሊያደርግ?”

ባሌ ጭንቅላቱን አከከ። “ነዳጅ ሊቀዳ” አለ።

ሦስታችንም ሳቅን። መምህሯ እየሳቀች ተነሳች። “ነዳጁንስ ከምግብ ነው የሚያገኘው፣ ጋሼ። ሳንባ የሚሄደው አየር ሊወስድ ነው።”

“ቆይ፣ ቆይ” አለ ባሌ ወደፊት ተስቦ። “ታዲያ አየሩን ከያዘ አይቀር ከዚያው በቀጥታ ወደ እጅና እግር ለምን አይሄድም? ለምን እንደገና ልብ ይገባል?”

“ከሳንባ ሲመለስ ግፊቱ ይደክማል። የግራው ክፍል ነው እንደገና በኃይል የሚገፋው።”

“አሃ! ‘በኃይል ይወጣል’ ያልሽን ይሄን ነው!” አለና እግሩን መታ። ከዚያ በኋላ ገለጻው እስኪያልቅ ዓይኑን አልከደነም። እኔ ነኝ ትንሽ ያንቀላፋሁት።

መምህሯ ወደ ሳለችው ልብ ዞረች። ከዚያ ጠመኔውን አንስታ ሳንባው መግቢያ ላይ የባሌን ዓይነት የሹፌር ባርኔጣ ያጠለቀ ሰውዬ ሳለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ባሌ ግን “ባርኔጣው ተጣሟል” አለ።

ሐሙስ ከእናትየው ዘንድ ተቀመጥኩ። የእረፍት ደወል ተደወለ። ሌላ ቀን የደወሉ ድምፅ ሳይጠፋ መምህሯ ከበር ናት። ልጆች ኳስ ይዘው አለፉ፣ ሌሎችም እየተላፉ አለፉ፤ እሷ የለችም። እኔ ሰዓቱን አየሁ።

“አትይው” አሉ እናትየው። “ስላዩት የፈጠነ ሰዓት የለም።” እሳቸው ግን የአንሶላውን ጠርዝ እያጠፉ ይፈቱታል።

መድኃኒቱን አስዋጥኳቸው፤ እንደምትሠራው አድርጌ አገላበጥኳቸውም። “ቢያዛውሯትም እኮ እኔ አለሁ” አልኩ።

“አንቺማ ሸሚዝ ታቃጥያለሽ” አሉኝ። እጄን ግን አልለቀቁም።

ሁለተኛው ደወል ከተደወለ በኋላ በሩ ተበረገደ። መምህሯ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ውኃ ቀድታ ቆማ ጠጣች። በብርጭቆው ላይ አሻግራ አየችንና “አልሄድም” አለች።

እናትየው “እፎይ!” አላሉም። ጀርባቸውን ትራሱ ላይ ለቀቁና አንሶላውን ተዉት፤ ያን ሁሉ ቀን ተጨብጠው የነበሩት ጣቶች ተዘረጉ። እፎይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለሁለታችንም የሚበቃ።

“ሳንባ ደጃፍ ስደርስ ቆምኩ” አለች መምህሯ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች። “‘ደሙ እዚያ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩ’ አልኳቸው። አዳራሹ ገበያ ሆነ! ርዕሰ መምህሩ ዝም ሊያሰኛቸው ከወንበሩ ተነሳ፤ ሱፐርቫይዘሩ እጅጌውን ይዞ አስቀመጠው። ከዚያ ከኋላ አንዷ ተነስታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‘ነዳጅ ሊቀዳ!’”

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

“ሲያልቅ ሱፐርቫይዘሩ ‘እዚሁ ትቀጥያለሽ’ አለኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ‘የሚደክማቸው ቦታ እዚያ መሆኑን በምን አወቅሽ?’ ብሎ ጠየቀኝ።”

“ምን አልሽው?”

“‘ጎረቤት አለኝ’ አልኩት።”

ማታ ባሌ ከሥራ ሲገባ ይዤው ሄድኩ። ሁሉን ሲሰማ ቁመቱ ጨመረ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ትራስ አንስቶ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

“ቀጣዩ ኩላሊት ነው፣ ጋሼ” አለች መምህሯ፣ ልቡን ከቁም ሳጥኑ በር ላይ እየጠረገች። “ይመጣሉ አይደል?”

“እንዴት አልመጣም!” አለ ባሌ ደረቱን ነፍቶ። “ደግሞ ከእንግዲህ ቃል ገብቻለሁ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነቅቼ ነው የማዳምጥሽ።”

እናትየው ከአልጋቸው ቀና አሉ።

“ነቅተህማ ምን ትሠራልናለህ?”