ድጋፉ ሊነሳ ሲል

በያጇ ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ዛሬ ዓርብ ደግሞ ቁርሷን ነካ አድርጋ ተወችው። አራት ሰዓት ላይ ድልድዩ የተቀመጠባቸው የብረት ድጋፎች ሊነሱ ነው።

ይሄ ድልድይ እንደ ሌሎቹ ተንጠልጣይ ድልድዮች አይደለም። ሌሎቹ የብረት ገመዳቸውን ዳር ካለ አለት ላይ ያስራሉ። እዚህ ግን ወዲህም ወዲያም ጭቃ ነው፤ ታዲያ ምን ላይ ይታሰር? ከራሱ ከድልድዩ ወለል ጫፍና ጫፍ አሰሩት። ገመዱ ወለሉን ያንጠለጥላል፤ ወለሉ ደግሞ ጫፎቹን ወደ ውስጥ የሚስበውን ገመድ ደረቱን ሰጥቶ ይገፋል። ባልና ሚስት በሉት፤ አንዱ ከለቀቀ ሁለቱም ወንዝ ውስጥ ናቸው። ወለሉ ቀድሞ በድጋፍ ላይ የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ገመዱ የሚያዝበትን ጫፍ ከበየዱት አንዷ እሷ ናት። ማክሰኞ ወደ መውጫ ሰዓት ኤሌክትሮድ የሚባለውን የብየዳ ዘንግ ልትወስድ ማድረቂያ ምድጃውን ስትከፍት ቀዝቅዞ አገኘችው። እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ የበየደው ብረት ለዕለቱ ደህና ይመስላል፤ የሚሰነጠቀው አድሮ ነው። ይህን እያወቀች፣ የቀራት አንድ መገጣጠሚያ ነውና፣ በየደችው። ተቆጣጣሪው እዚያው የብየዳ መፈተሻ መሣሪያውን አስጠግቶ «ጥሩ ነው» ብሎ ፈረመ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ስንጥቅም እንደዚያው ነው።

ብትናገር ሥራዋ አበቃለት። ዝም እንዳትል ደግሞ፣ ከድልድዩ ሥር ሆነው በክሪክ ድጋፉን ዝቅ ከሚያደርጉት አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፎርማኑ ዘንድ ሄደች። ፎርማኑ አጎቷ ነው፤ ሥራ ያስገባትም እሱ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረውም እሱ። ሁሉንም ዘረገፈችለት። የስድብ መዓት ያወርድብኛል ብላ ስትጠብቅ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ያንቺ አንዷ ብቻ በሆነች» አላት። «ማክሰኞ ጠዋት ለሻይ ማፍያው ብዬ ምድጃውን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ መልሼ መሰካቱን ረሳሁት። ያን ቀን አስራ አራት መገጣጠሚያ ነው የበየዳችሁት።»

ያወቀው ዕለቱን ማታ ነው። ሦስት ቀን በሆዱ ይዞት ከረመ።

«ጋሼ፣ ወንድሜ እኮ ከሥር ነው ያለው።»

አጎቷ ሬዲዮውን አነሳ። ክሪኩን እንዳትነኩ፣ ሁላችሁም ውጡ አለ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎም ጨመረ።

ከሥር የወንድሟ ድምፅ «እሺ ጋሼ፣ አንተ ካልክ» ሲል ተሰማ።