የካፒቴን ኔራ እንቅልፍ

በኢብራር ሱቅ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሕግ ነበር፤ ሪሞት የያዘ ብቻ ይናገራል። የሪሞቱ ቴሌቪዥን ከተሸጠ ቆይቷል፣ ባትሪም የለውም። ሪሞቱን ሳይጨብጥ አፉን የከፈተ ግን ለሁላችንም ሻይ ይጋብዛል።

ሱቁ አየር ጤና፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ነው። ኢብራር በፍላሽና በሜሞሪ ፊልም ይጭናል። ሰባት ስምንት የምንሆን ሰዎች በየሳምንቱ እዚያ ተጣብበን ስለ «ሰባተኛው ወደብ» እንከራከራለን። አሥራ ስድስት ሲዝን የሄደ የጠፈር ታሪክ ነው። እኔ ፊንላንድ ስማር በእንግሊዝኛ ጀምሬው ነበር። እነሱ ያዩት በጋሽ ወንድዬ ትርጉም ነው። ጋሽ ወንድዬ ቀራንዮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ማይክ ይዘው፣ የካፒቴኑንም የጠላቱንም የሕፃኑንም ድምፅ ብቻቸውን ይሠራሉ።

የዚያን ቅዳሜ ክርክር የጀመረው ማቲ ነው። ጋራዥ ይሠራል፤ እጁ ሁልጊዜ ዘይት ዘይት ይላል።

«ካፒቴን ኔራ ከበረዶ እንቅልፏ ከነቃች ጀምሮ ሰንፋለች» አለ። «በሬዲዮ ብቻ ነው የምታዘው። ምን ዓይነት ካፒቴን ናት?»

ሪሞቱን ተቀበልኩት።

«አልነቃችም» አልኩ። «እንግሊዝኛው ላይ እዚያው በረዶው ውስጥ ትሞታለች። ያስነሷት ጋሽ ወንድዬ ናቸው፣ የድሮ ምስል ቆርጠው ለጥፈው። ከዚያ ወዲህ ፊቷን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሬዲዮ ላይ የምትሰሙት የእሳቸውን ድምፅ ነው።»

«ፈረንጁ መጣብን!» አለ ማቲ ያለ ሪሞት፣ ሻይም ተፈረደበት፤ ሰዎቹ ሳቁ።

አልፊያ አልሳቀችም። የኢብራር እህት ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፣ ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

«እርግጠኛ ነህ ግሩም?» አለችኝ፣ እሷም ያለ ሪሞት።

«መቶ በመቶ።»

ሪሞቱን ከእጄ ወሰደች። ልትናገር ነው ብለን ጠበቅን። እሷ ግን ሪሞቱን እንደያዘች ወጥታ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኢብራር ደወለ።

«ግሩሜ፣ አልፊያ የለችም። ስልኳ ዝግ ነው።»

የአልፊያ አንዱ የልብ ቫልቭ በቅጡ አይዘጋም። ሦስት ዓመት ወረፋ ጠብቃለች። ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩላት ሐኪሞች ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የሚቆዩት ለአሥር ቀን ብቻ ነው። ያን ዕለት እስከ ስድስት ሰዓት ሆስፒታል ገብታ መተኛት፣ ማክሰኞ መሠራት ነበረባት። ካልገባች አልጋው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላወቅሁትን ኢብራር ነገረኝ።

«ቢላው አይደለም የሚያስፈራት። ልብሽን አቁመን ማሽን እንተካለን ሲሏት፣ ‹ያኔ እኔ የት ነኝ?› አለች። ከዚያ የኔራን እንቅልፍ ስልኳ ላይ ጭና እሱን ስትሰማ ትተኛ ጀመር። ኔራ አርባ ዓመት ልቧ ቆሞ ነቅታ የለ? ቅዳሜ ማታ ግን የቀዳችበትን ስልክ ቁጭ አርጋ ‹ውሸት ነው› አለችኝ።»

«ሌላ ዓመት ብትጠብቅስ?»

«ሐኪሙን ጠየቅሁት። ‹ልቧ ሌላ ዓመት አይጠብቅም› አለኝ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ወዲያው ተነሣሁ። ኢብራር ቤቴል ያሉ ዘመዶቻቸው ጋ ሊፈልግ ሄደ። እኔ መጀመሪያ ሱቁን አየሁ፤ ዝግ ነው። ከዚያ አንድ ቦታ ብቻ ታየኝ፦ የኔራ ድምፅ የሚወጣበት ክፍል።

የቀራንዮ ታክሲ ሞልቶ እስኪነሣ ሰዓቴን ስንት ጊዜ እንዳየሁ እንጃ። ከመድኃኔዓለም በታች ወርጄ ዳገቱን ስጀምር ሰው መንገዱ ላይ ክብ ሠርቶ ቆሟል። መሐሉ ላይ የወደቀ ነገር አለ፤ የሴት ጫማ ብቻ ታየኝ። ሰዉን እየገፋሁ ገባሁ። ጫማ እያዞረች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሞተር ሳይክል ገጭቶ ዕቃዋን በትኖባታል። እሷ ቆማ ሞተረኛውን ትሳደባለች። ይቅርታም ሳልጠይቅ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ፣ አልፊያ ይህን በዚያ ልቧ ወጥታዋለች ብዬ ሳስብ ለእኔም ትንፋሽ አጠረኝ።

የጋሽ ወንድዬ ክፍል ግድግዳ በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። አልፊያ ወለሉ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ሪሞቱ ጋሽ ወንድዬ እጅ ላይ ነው። ስልሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው፤ እንደ ተማሪ ተነሥተው ቆመዋል።

«ዲስኩ ተበላሽቶ ነው የመጣልኝ፣ ልጄ» ይሏታል። «የሲዝን ሰባት የመጨረሻ ሁለት ክፍሎች የሉም። ሰው ደግሞ ደጄን ሊሰብር ደርሷል። ምን ላድርግ? በራሴ ጨረስኩት።»

«ለምን አስነሷት ታዲያ?»

«ሳላይ እንዴት ሰው እገድላለሁ?»

አልፊያ ያኔ አየችኝ። ሪሞቱን ከእሳቸው ተቀብላ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንተስ? ስትሞት አይተሃታል?»

አምስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ‹አዎ› ማለት ቀላል ነበር። ‹ተሳስቼ ነው፣ ነቅታለች› ማለት ደግሞ ከዚያም ይቀላል። ሪሞቱን ያዝኩት።

«አላየሁም» አልኩ። «መስታወቱ ሲዘጋባት አጠፋሁት። ክረምት ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ነው፣ ብቻዬን ነበርኩ። ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ አንድም ክፍል አላየሁም። መሞቷን ያነበብኩት አድናቂዎች ሲጽፉ ነው።»

«መቶ በመቶ አልከኝ እኮ!»

«ብያለሁ።»

«እሳቸው ሳያዩ አስነሷት፣ አንተ ሳታይ ገደልካት» አለች። ልትስቅ ብላ ሳል ያዛት። ሳሉ ሲያልፍላት ቀና ብላ አየችኝ።

«ፈርቻለሁ፣ ግሩም።»

ምንም አይደለም፣ አይዞሽ ልል ነበር፤ ተውኩት።

«እኔም ፈርቻለሁ» አልኳት። «እዚያ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እዚህ ከቀረሽ የሚሆነውን ግን ሐኪሙ ለኢብራር ነግሮታል።»

ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ጋሽ ወንድዬ ኮታቸውን ከምስማሩ አነሡ። በሩን ከፍተው ጠበቋት።

ኮንትራት ታክሲ ውስጥ ለኢብራር ደውዬ «አግኝቻታለሁ» አልኩት፤ ወዲያ ማዶ ሲያለቅስ ሰማሁት። ቀጥዬ የኔራን መጨረሻ ስልኬ ላይ ልፈልግ ስል አልፊያ እጄን ያዘች።

«ተወው» አለች። «እኔ ኔራ አይደለሁም።»

ለስድስት ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር ደረስን።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ሲገፏት ሪሞቱን አንሶላው ሥር ይዛው ነበር። ነርሷ «ይኼ አይገባም» አለቻት። አልፊያ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ያዝልኝ። ስነቃ የምናገረው እኔ ነኝ። ማቲም ቢሆን እንዳይነካው።»

በሩ ተዘጋ። በረንዳው ላይ ኢብራር ይጸልያል። ጋሽ ወንድዬ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ለሁሉም ሰው ድምፅ የነበራቸው ሰው ያን ቀን ውኃ እንኳ የጠየቁት በምልክት ነው። አራት ሰዓት ይፈጃል ብለውን ነበር፤ ሰባት ሰዓት ፈጀ። አንድ ሐኪም ወጥቶ «ደም ፈሷት ነበር፣ አቁመነዋል። እስክትነቃ ምንም ማለት አልችልም» ብሎን ተመለሰ። ያን ቀን አልነቃችም።

ረቡዕ ጠዋት ነርሷ ወጣች።

«የአልፊያ ቤተሰብ!»

ሦስታችንም ተነሣን።

«ዓይኗን ገልጣለች። ገና ናት፤ ሁለት ቀን በጣም እንጠነቀቃለን። አፏ ውስጥ ቱቦ ስላለ መናገር አትችልም። ግን እጇን እየዘረጋች የሆነ ነገር ስጡኝ ትላለች። ብዕር ሰጠናት፣ ጣለችው። ውኃ ነው አልን፣ አይደለም። ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?»

ኪሴ ውስጥ እጄን ከተትኩ።