ግንባር ላይ በመስመር መዝራት

አባየ ሰኞ ፀጉር ሊያስተክል አዲስ አበባ ይሄዳል። ሐኪሙ በቴሌግራም፣ «ፀጉሩ ከየት እንዲጀምር እንደሚፈልጉ ግንባርዎ ላይ አስምረው ፎቶ ይላኩልኝ። ዛሬ ካልደረሰኝ ተራዎን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሎ ጻፈለት። ስለዚህ የኔ የኩል እርሳስ ቅዳሜ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተወርሷል።

አባየ እዚህ ኮላ ድባ ከተማ የግብርና ባለሙያ ነው። አስራ አራት ዓመት ሙሉ ገበሬውን ያስተማረው አንድ ነገር ነው፦ ጤፍ በመስመር ይዘራል እንጂ አይበተንም። አያ ውዱ የሚባል ገበሬ ግን እስከ ዛሬ ይበትናል። አባየ ሲያገኘው ሰላምታው አጭር ነው።

ጠረጴዛው ላይ ማስመሪያና ሲባጎ አስቀመጠ።

«ሲባጎውን ወጥሪና ቀጥ አድርገሽ አስምሪ።»

«አባየ፣ ግንባር እኮ ማሳ አይደለም።»

«አስምሪ አልሁሽ!»

አሰመርሁ። እማየ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው።

«ምነው እንዳልክ፣ ክዳን የተደፋብህ ማሰሮ መሰልህ?»

አባየ ቅናት ነው ብሎ ፎቶውን ላከው።

ሐኪሙ በድምፅ መለሰ። «አቶ እንዳልካቸው፣ እንዲህ ቀጥ ካለ ያየው ሁሉ ዊግ ነው ይላል። የተፈጥሮ ፀጉር ከፊት ሳሳ፣ ወጣ ገባ ይላል። እኛም ከፊት ያለውን በተን በተን አድርገን ነው የምንተክለው።»

አባየ ድምፁን ሦስት ጊዜ ከፈተው። ሦስቱንም ጊዜ ሐኪሙ «በተን በተን» አለ።

«አልሄድም» አለ አባየ። «በመስመር ዝሩ ስል የኖርሁ ሰውየ፣ ብተና ግንባሬ ላይ ይዤ ስብሰባ ልምራ? አያ ውዱ ይለቀኛል?»

«ቅር እንግዲህ፤ ቆብህ ምን አደረገህ?» አለች እማየ።

መቅረቱም ቀላል አይደለም። ባለፈው ማኪና ውስጥ እኩያው የምትሆን ሴት «ይቀመጡ አባባ» ብላ ተነሥታለታለች። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆቡን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያንና አልጋ ላይ ብቻ ነው።

ሲባጎውን በጣቱ ላይ ይጠቀልል ጀመር። አዘንሁለት፤ ትንሽ። ፀጉሬን ወደ ኋላ ያዝሁና ግንባሬን አስጠጋሁለት።

«የኔን እየው።»

መነጽሩን አድርጎ ቡቃያ እንደሚመረምር ጎንበስ አለ። በግራ በኩል ፀጉሬ ገባ ይላል፤ መሐል ላይ ወጣ ይላል፤ ከፊቱ ደግሞ እንደፈለገ የበቀለ ለጋ ፀጉር አለ። በጣቱ እየነካ ተከተለው።

«ሸጋ ነው» አለ በቀስታ። «አንድ መስመር ግን የለውም። ይህን ማን ነው የዘራው?»

«አንተ።»

እማየ አፏን በነጠላዋ ይዛ ጓዳ ገባች። አባየ አልሳቀም። ቆይቶ ማስመሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከተተ፤ ግንባሩን በሶፍት ጠርጎ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ዓይኑን ጨፈነ።

«በይ በትኚ» አለኝ። «የራስሽን አስመስለሽ።»

እርሳሱን ቀርጬ ጀመርሁ። አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«ሦስት ነጥብ እኩል ተሰልፎ ካየሁ አልልከውም።»